በውርጭ ምድር ወፍ መቁጠር፦ የሳነቴ የብርድ ሌሊቶችና የእኛ ድርሻ

(በሮቤ ከተማ ለሕዝብ ክፍት በሆነ መድረክ የቀረበ ንግግር ሙሉ ጽሑፍ)



በዚህ የጥር ብርድ ጥሪያችንን አክብራችሁ ከሮቤም ከጎባም፣ ከዲንሾም ከቆላው ወረዳም ስለ መጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ከሼክ ሁሴን ወገን የመጣችሁ ደግሞ ሙቀታችሁን ትታችሁ ወደ ብርዳችን መጥታችኋልና ምስጋናዬ እጥፍ ነው።

ዛሬ የምናገረው በብርድ ወራት በሳነቴ አምባ ላይ ወፎችን ስለ መመልከትና ስለ መቁጠር ነው። ወፍ መመልከት የውጭ አገር ጎብኚ መዝናኛ ነው የሚል አስተያየት በመካከላችን ሰፊ መሆኑን አውቃለሁ። በውርጭ ሰዓት ወጥቶ መመልከት ደግሞ ከመዝናኛም አልፎ ራስን ማስጨነቅ ሊመስል ይችላል። እኔ የማቀርብላችሁ ሐሳብ ግን አንድ ነው፤ እርሱም ይህ ነው። ስለ ባሌ ወፎች የተጻፈው እውቀት በብዛት የተሰበሰበው ሰማዩ በተገለጠበትና ፀሐይ በሞቀችበት ሰዓት ነው። የወፎቹ ዕጣ የሚወሰነው ግን በብርዱ ሰዓት ነው። ያንን ሰዓት ከዓመት ዓመት ሊመዘግብ የሚችለው ደግሞ እዚሁ የሚኖር ሰው ነው።

አስቀድሜ ስለ ቃላት ጥቂት ልበል። የውጭ መጻሕፍትን ስንተረጉም የሰሜኑን ዓለም የብርድ ወቅት «ክረምት» ብለን እንጽፋለን። የእኛ ክረምት ግን የዝናብ ወቅት ነው። በባሌ ከፍተኛ ቦታዎች ሌሊቱ እጅግ የሚቀዘቅዘው በክረምት ሳይሆን በበጋ፣ በተለይም በታኅሣሥና በጥር ነው። ምክንያቱ አስቸጋሪ አይደለም። በዝናብ ወራት ደመናው ምድሪቱን እንደ ጋቢ ስለሚሸፍናት ቀን የገባው ሙቀት ሌሊት ቶሎ አያመልጥም። በበጋ ሰማዩ ይጠራል፤ አየሩ ደረቅና ስስ ይሆናል፤ ፀሐይ እንደ ጠለቀች መሬቱ ሙቀቱን ወደ ላይ ይለቃል። በሳነቴ ከዜሮ በታች እስከ 15 ዲግሪ ሴልሺየስ የወረደ ሌሊት ተመዝግቧል፤ በዚያው ደረቅ ወቅት የቀኑ ሙቀት ከ20 ዲግሪ በላይ ሊደርስ ይችላል። የሰሜን አገር ፍጥረት በዓመት አንድ ጊዜ የሚገጥመውን ፈተና የሳነቴ ፍጥረት በየሌሊቱ ይገጥመዋል ማለት ነው።

አባቶቻችን ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ምድሪቱን ቆላ፣ ወይና ደጋና ደጋ ብለው ከከፈሉ በኋላ ከደጋው በላይ ያለውን በቀጥታ «ውርጭ» ብለው ሰየሙት። ብርዱንም በየመልኩ ለዩት። ቁር አጥንት የሚሰብረው ብርድ ነው። አመዳይ ማለዳ በሣሩ ላይ ነጥቶ የምናገኘው ነው። ቆፈን ጣት ደንዝዞ እርሳስ መያዝ ሲያቅተው ነው። በሜዳ ላይ መዝገብ የያዘ ሰው እነዚህን ቃላት ከመዝገበ ቃላት መፈለግ አያስፈልገውም፤ በአንድ ማለዳ ሁሉንም ይማራቸዋል።

የክረምቱም ብርድ የራሱ ጠባይ አለው። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ጉሙ ወርዶ ዐሥር እርምጃ እንኳ አያሳይም፤ ካፊያው ልብስ ውስጥ ይገባል፤ በረዶ ይጥላል። በዚያን ጊዜ የሚቸግረው ማየት ነው፤ በበጋ ማለዳ ደግሞ የሚቸግረው መቆም ነው። ዛሬ ስለ ሁለተኛው አብዝቼ እናገራለሁ።

ባሌን ከታች ወደ ላይ ብንመለከታት አንድ አገር መሆኗን ያስረሳል። ሼክ ሁሴን በዋቢ ሸበሌ ወገን ባለው ደረቅ ቆላ ውስጥ ነው፤ የሳነቴ አምባ 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው፤ በላዩ የቆመው ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ይደርሳል። የባሌን ወፎች ለውጭው ሳይንስ ቀድመው ካስተዋወቁት መንገደኞች ሁለቱ በዚያ ቆላ በኩል ነው ያለፉት። አሜሪካዊው ሐኪም አርተር ዶናልድሰን ስሚዝ በ1894 እ.ኤ.አ.፣ ጀርመናዊው ካርሎ ፎን ኤርላንገር በ1900 እ.ኤ.አ. ሼክ ሁሴን ደርሰዋል፤ ሁለቱም የወፍ ናሙና ሰብስበዋል። የኤርላንገር ስም ዛሬም በደጋ ሜዳችን ላይ በምትሮጥ አንዲት ትንሽ ቡናማ የምድር ወፍ ላይ ይገኛል።

ከፍተኛው አምባ ግን ለውጭ ተመራማሪዎች ብዙ ዘመን ሩቅ ሆኖ ቆየ። የንስር ሊቅ የነበረው ሌስሊ ብራውን በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጥቶ ደጋ አጋዘንን አጠና፤ የኢትዮጵያ ጉዞውን የተረከበት መጽሐፍ በ1965 እ.ኤ.አ. ታተመ። በ1966 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ የዱር ሕይወትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ተመሠረተ። በ1971 እ.ኤ.አ. ኤሚል ኧርባንና ሌስሊ ብራውን ያዘጋጁት የኢትዮጵያ ወፎች ዝርዝር በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ወጣ። በ2009 እ.ኤ.አ. ጆን አሽና ጆን አትኪንስ የኢትዮጵያንና የኤርትራን ወፎች ስርጭት በካርታ አሳተሙ። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ደግሞ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። እነዚህ ሥራዎች የትኛው ወፍ የት እንዳለ ነግረውናል፤ ባለውለታዎቻችን ናቸው። የምንፈልገው ቀጣዩ እውቀት ግን በአንድ ጉዞ የሚገኝ አይደለም።

አሁን ወደ ወፎቹ ልግባ። በጥር ወር በሳነቴ ላይ የምናገኛቸውን ወፎች በአመጣጣቸው በሦስት ወገን እከፍላቸዋለሁ።

የመጀመሪያዎቹ የጥንቱ ብርድ ቅሪቶች ናቸው። ምንቃሩና እግሩ ቀይ የሆነው ጥቁር ቁራ በእስያና በአውሮፓ ተራሮች የሚኖር ነው፤ በአገራችን ግን ከዘመዶቹ በእጅጉ ርቆ በሰሜንና በባሌ ተራሮች ላይ ይገኛል። በሳነቴ ሐይቆች ዳር ጥንድ ጥንድ ሆኖ የሚታየው ብርቱካንማ ዳክዬ፣ ሩዲ ሼልዳክ የሚባለው፣ ከሰሐራ በስተ ደቡብ የሚራባው እዚህ ነው። ወርቃማ ንስርም እዚህ ይፈለፍላል። ክሉዌና ባልደረቦቹ የተባሉ ፈረንሳውያን ተመራማሪዎች በ1999 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት እንዳመለከቱት፣ የባሌ ወርቃማ ንስር ከሚታወቁት የመራቢያ ሥፍራዎች ሁሉ ወደ ደቡብ የራቀ ነው።

እነዚህ የሰሜን ወፎች በሐሩር ክልል መካከል ምን ያደርጋሉ? መልሱ ከዘመነ በረዶ ጋር የተያያዘ ነው። በዚያ ዘመን የሳነቴ ከፍተኛ ክፍሎችና ወደ ሰሜን የሚወርዱት ሸለቆዎች በበረዶ ግግር ተሸፍነው ነበር። ቀዝቃዛው ምድር ሰፍቶ ሳለ ብርድ ወዳድ ፍጥረታት ወደ ደቡብ ተስፋፉ። ምድር ስትሞቅ ቆላው መሐል ገባ፤ እነርሱም እንደ ደሴት በተራራው ራስ ላይ ቀሩ። ሰውም ያን ብርድ አልሸሸውም። በ3,469 ሜትር ከፍታ ላይ በሚገኘው የፊንጫ ሀበራ ዋሻ በተደረገና በ2019 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ሰዎች በዚያ ይኖሩ እንደነበርና ታላቁን ፍልፈል እየጠበሱ ይበሉ እንደነበር ታውቋል። ያ ፍልፈል ዛሬም የቀይ ቀበሮው ቀለብ ነው።

ሁለተኛዎቹ ደጋው ራሱ ያበቀላቸው፣ ከአገራችን ውጭ የማይገኙ ወይም በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋዎች ብቻ የሚገኙ ናቸው። ክንፈ ሰማያዊው ዝይ ከነዚህ አንዱ ነው። ላባው ወፍራምና ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ በበረደ ውሃ ዳር አንገቱን በጀርባው ላይ ጥሎ በጸጥታ ይቆማል። ደረቷ ነጠብጣብ የሆነችው ላፕዊንግ በአጭሩ ሣር ላይ ትሮጣለች። ሩዤ ሬል የምትባለው፣ የውሃ ዶሮ የምትመስል ቡናማ ወፍ፣ ጅራቷን እየነቀነቀች በረግረጉ ዳር ትመላለሳለች። ሙርላንድ ቻት የምትባል ትንሽ ቡናማ ወፍ ደግሞ አለች፤ እርሷ በምሥራቅ አፍሪካ ሌሎች ከፍተኛ ተራሮችም ትገኛለች። ሰው አትፈራም። ታላቁ ፍልፈል ከጉድጓዱ አፈር ሲገፋ አጠገቡ ቆማ ከአፈሩ የሚወጡትን ነፍሳት ትለቅማለች።

ሦስተኛዎቹ ተሰዳጆች ናቸው። ከእነርሱ መካከል የስቴፕ ንስርን ብቻ ላንሳ። ይህ ንስር በሩስያ፣ በካዛክስታንና በሞንጎሊያ ሰፋፊ የሣር ሜዳዎች ይራባል፤ መኸሩ ሲያልቅ ወደ ደቡብ ይጓዛል። በ1987 እ.ኤ.አ. መኸር በባብ ኤል መንደብ፣ በጅቡቲ ዳርቻ የተቀመጡ ቆጣሪዎች ከ240,000 በላይ አዳኝ ወፎች ከዐረቢያ ወደ አፍሪካ ሲሻገሩ መዘገቡ፤ ከእነዚያ መካከል ከ76,000 በላይ የሚሆኑት የስቴፕ ንስሮች ነበሩ። ያ ሁሉ ሠራዊት በላያቸው የሚያልፈው የባሕሩ ዳርቻ ነዋሪዎች ወፉን ሳያዩ የቀሩ አይመስለኝም። ዓለም ቁጥሩን ያወቀው ግን ሰው ለሳምንታት ተቀምጦ ስለ ጻፈው ነው። ይህ ንስር በ2015 እ.ኤ.አ. ለመጥፋት ከተቃረቡት ዝርያዎች ተርታ ገብቷል፤ ያ የ1987 ቁጥር ዛሬ የሚጠቅመን ከዚህ የተነሣ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። የስቴፕ ንስር ከብርድ ሸሽቶ ከመጣ ስለ ምን ከዜሮ በታች በሚወርድ አምባ ላይ ያርፋል? ሼክ ሁሴንና ሶፍ ኡመር አጠገቡ ሳሉ ስለ ምን ሳነቴን ይመርጣል?

መልሱ የዚህ ንግግር ዋና ነጥብ ነው። ንስሩን ከአገሩ የሚያስለቅቀው ብርዱ ብቻ አይደለም። በሜዳው ላይ በረዶ ተከምሮ ምግቡን ስለሚቀብርበት ነው። በሳነቴ ሌሊቱ ምንም ያህል ቢበርድ ፀሐይ በየቀኑ ትመለሳለች፤ አይጦቹም በየቀኑ ከጉድጓድ ይወጣሉ። ብርድ ብቻውን ወፍን እምብዛም አይገድልም፤ ብርድ ከረሃብ ጋር ሲገጥም ግን ይገድላል።

ይህን ለመረዳት አንድ ወፍ ሌሊቱን እንዴት እንደሚያድር እንመልከት። የወፍ የሰውነት ሙቀት ወደ 40 ዲግሪ ገደማ ነው። ውጭው ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ቢሆን በሰውነቱና በአየሩ መካከል የ50 ዲግሪ ልዩነት አለ። ላባውን አንጨፍርሮ በውስጡ አየር ይይዛል፤ ይህ ብርድ ልብሱ ነው። ምንቃሩን በትከሻው ላባ ውስጥ ይሸሽጋል፤ አንዱን እግር አጥፎ ወደ ሆዱ ያስጠጋል። በእግሩ ውስጥ የሚወርደው ሞቃት ደም ከሚወጣው ቀዝቃዛ ደም ጎን ስለሚያልፍ ሙቀቱን ለእርሱ አስረክቦ ይወርዳል፤ ስለዚህ ዝዩ በበረዶ ላይ ቆሞ ሙቀቱን አያፈስም። ይህም አልበቃ ሲል ጡንቻውን እያንቀጠቀጠ ሙቀት ያመነጫል።

ትልቅ ወፍ ሙቀቱን ቀስ ብሎ ያጣል፤ ትንሽ ወፍ ከክብደቷ አንጻር የሰውነቷ ገጽ ሰፊ ስለሆነ ቶሎ ታጣለች። የአበባ ማር የምትመጠው አረንጓዴ አንጸባራቂ ወፍ፣ ማላካይት ሰንበርድ፣ ሌላ ብልሃት አላት። ሌሊት የሰውነቷን ሙቀት ዝቅ በማድረግ ስንቋን እንደምትቆጥብ በጥናት ተረጋግጧል። ይሁንና ሁሉም ብልሃት አንድ ነገር ይጠይቃል፤ እርሱም ትናንት የተበላ ምግብ ነው። ወፏ ሌሊቱን የምታነደው ማገዶ ቀን የሰበሰበችውን ስብ ነው። ስለዚህ ንጋት ላይ የምናያት ወፍ ጎተራዋ የተራቆተ ገበሬ ማለት ናት።

አሁን ሰዓቱን እንከተል። በጥር ወር ከጎባ ሌሊት 10 ሰዓት ተነሥተን ወደ አምባው ስንወጣ ጥዱን፣ ኮሶውን፣ ከዚያም አስታውን እናልፋለን። አምባው ላይ ስንደርስ ገና ጨለማ ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት ገደማ ብርሃን ሲፈነጥቅ ጅብራው በአመዳይ ተነክሮ ይታያል፤ የትንንሾቹ ኩሬዎች ዳር በስስ በረዶ ተጋግሯል። በዚያን ሰዓት ዝዮቹ አይንቀሳቀሱም። ላፕዊንጎቹ ከድንጋይና ከሣር ጉብታ ሥር ነፋሱን ተከልለው ቆመዋል። ንስሮቹ መሬት ላይ ወይም ድንጋይ ላይ ናቸው፤ አይበሩም። የአንድ አምባ ወፎች ሁሉ ባሉበት የሚገኙበት፣ ብርዱን ከየትኛው ወገን እንደተከለሉ የሚታይበት ሰዓት ይህ ነው።

ወደ 2 ሰዓት ከጠዋቱ ፀሐይ ሣሩን ስትነካ ሙርላንድ ቻት ከድንጋይ ድንጋይ መዝለል ትጀምራለች። ከዚያ በኋላ አይጦቹ ብቅ ይላሉ፤ ቀይ ቀበሮውም አንገቱን ዝቅ አድርጎ አደኑን ይጀምራል። ወደ 4 ሰዓት መሬቱ ሞቆ አየሩ ወደ ላይ መውጣት ሲጀምር ንስሮቹ በዚያ ላይ ተሳፍረው ይንሳፈፋሉ። ከሎጅና ከሆቴል ቁርሱን በልቶ የሚነሣ እንግዳ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው በዚህ ሰዓት ነው። የሚያየው እውነት ነው፤ ግን የታሪኩን ሁለተኛ ምዕራፍ ነው። ሌሊቱን ማን እንዳለፈው፣ ማን እንዳላለፈው፣ ማን ከየት እንደተነሣ አላየም። ስለዚህ እንግዳውን አንወቅስም፤ ጥቂት ቀን ብቻ ያለው ሰው ጥቂት ሰዓት ብቻ ያያል።

ተማሪዎች ይዤ ስወጣ በየዓመቱ የሚመጣ ጥያቄ አለ፤ «መምህር፣ ምንም ካላየን ምን እንጻፍ?» የሚል ነው። መልሴ ዜሮ ጻፉ የሚል ነው። ዜሮ ባዶ ገጽ አይደለም። ሰዓቱን፣ ሥፍራውን፣ የአየሩን ሙቀት፣ የነፋሱን አቅጣጫ፣ ደመናውን ጽፎ «ዝይ፦ 0» ያለ ሰው ለሚቀጥለው ትውልድ ትልቅ ነገር አስረክቧል። ምንም ያልጻፈ ሰው ግን መምጣቱንም አያስረዳም። ከሃያ ዓመት በኋላ አንድ ተመራማሪ «ወፉ አልነበረም ወይስ ተመልካች አልነበረም?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱ ያለው በዚያ ዜሮ ውስጥ ነው።

ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ዕቃ ብዙ አይደለም። በብርድ የእስክሪብቶ ቀለም ይቆማል፤ እርሳስ ያዙ። ባይኖኩላሩን ከካፖርት ሥር አቆዩት፤ መስተዋቱ ላይ አትተንፍሱ፤ ይደበዝዛል። ባይኖኩላር የሌለው ተማሪም ዝይና ንስር በዐይኑ መቁጠር ይችላልና አይቅር። ጋቢ ከጃኬት ሥር ይሁን፤ ትኩስ ሻይ በፔርሙስ ይያዝ። በ4,000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ስድሳ በመቶ ገደማ ብቻ ስለሆነ አትሩጡ፤ ራሱን ያመመው ወይም ያስታወከው ሰው ካለ ሳይውል ሳያድር ወደ ታች ይውረድ። ብቻውን የሚሄድ አይኑር፤ ያለ ፓርኩ ፈቃድም የሚወጣ አይኑር።

ከሁሉ በላይ ግን ወፉን አታስነሡት። ቅድም እንዳልኩት ንጋት ላይ ያለች ወፍ ስንቋ ተሟጧል። ለፎቶግራፍ ብለን ሦስት ጊዜ ብናስነሣት የቀረችውን ጥቂት ማገዶ ያነደድነው እኛ ነን። በብርድ ሰዓት መልካም ተመልካች ማለት ከሩቅ ቆሞ፣ ራሱ በርዶት፣ ወፏን በቦታዋ የሚተዋት ነው።

ይህ ልማድ በዓለም ላይ አዲስ አይደለም። በሰሜን አሜሪካ ሰዎች በገና ዕለት ተከፋፍለው ያገኙትን ወፍ ሁሉ በጠመንጃ በመግደል የሚወዳደሩበት ልማድ ነበር። ፍራንክ ቻፕማን የተባለ የወፍ ሊቅ በ1900 እ.ኤ.አ. መግደሉ ይቅርና እንቁጠር አለ። በዚያ የመጀመሪያ ገና 27 ሰዎች በ25 ሥፍራዎች ቆጠሩ። ቆጠራው ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በበረዶና በነፋስ መካከል ይካሄዳል፤ የወፎች ቁጥር በመቶ ዓመት ውስጥ እንዴት እንደ ተለወጠ የሚታወቀውም በአብዛኛው ከእርሱ ነው። ከ1967 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየዓመቱ በጥር ወር የሚደረግ ዓለም አቀፍ የውሃ ወፎች ቆጠራም አለ፤ አፍሪካ በ1991 እ.ኤ.አ. ተቀላቅላለች። ጥር ለእኛ የሳነቴ ብርድ ወር መሆኑን ልብ በሉልኝ። የእኛና የዓለም መዝገብ በአንድ ወር መገናኘት ይችላል።

ቆጠራው ስለ ምን እንደሚያስቸኩል ልናገርና ወደ ማጠቃለያዬ ልሂድ። ተራራ ላይ ስንወጣ በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ይህን ሒሳብ ብንገለብጠው ምድር በ1 ዲግሪ ብትሞቅ ተመሳሳዩን ቅዝቃዜ ለማግኘት ወደ 150 ሜትር ያህል መውጣት ያስፈልጋል ማለት ነው። ከሳነቴ አምባ እስከ ቱሉ ዲምቱ ራስ ያለው ከፍታ 400 ሜትር አይሞላም። ስለዚህ ከ2 ዲግሪ ተኩል በላይ ሙቀት ቢጨመር የዛሬው የሳነቴ ብርድ ከተራራው ራስ በላይ፣ በአየር ላይ ይቀራል። ሒሳቡ ግምታዊ ነው፤ ነገር ግን መንገዱን ያሳያል። ተራራው ጣሪያ አለው። ከቆላ የተነሣ ወፍ ወደ ደጋ ይወጣል፤ ከሳነቴ የተነሣ ወፍ ግን ወዴት ይወጣል?

ሙቀቱ የሚመጣው ብቻውንም አይደለም። ሰፈራና እርሻ ወደ ላይ ይከተላሉ፤ ከብት በሣሩ ላይ ይበዛል፤ አስታው ይቃጠላል። ሣሩ ሲያልቅ አይጡ ያንሳል፤ አይጡ ሲያንስ ከሞንጎሊያ የመጣው ንስርና እዚሁ የተወለደው ቀይ ቀበሮ አብረው ይራባሉ። ቅድም ብርድ ከረሃብ ጋር ሲገጥም ይገድላል ያልኩት እዚህ ላይ ይደርሳል። ይህን የምለው አርብቶ አደሩን ለመክሰስ አይደለም። ላሙን በዚያ ውርጭ ውስጥ የሚያሳድር እረኛ ከማንኛችንም ይበልጥ ብርዱን ያውቀዋል፤ የእርሱም ሕይወት በዚያው ሣር ላይ ነው። እንዲያውም ለመዝገባችን ከሚያስፈልጉን ሰዎች የመጀመሪያው እርሱ ነው።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። አራት ቋሚ ሥፍራዎች እንምረጥ፦ የዲንሾን ጫካ ዳር፣ የጋይሳይን ሜዳ፣ ከጎባ ወደ አምባው የሚወጣውን መንገድና የሳነቴን ሐይቆች። በወር አንድ ጊዜ፣ በአንድ ሰዓት፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ከጠዋቱ፣ እንቁጠር። በእያንዳንዱ ሥፍራ የሌሊቱን ዝቅተኛ ሙቀት የሚይዝ ቴርሞሜትር ይኑር፤ የወፉ ቁጥርና የብርዱ መጠን በአንድ ገጽ ይጻፉ። ዝርያ ሁሉ መለየት አይጠበቅብንም። ዝዩን፣ ብርቱካንማውን ዳክዬ፣ ቀይ ምንቃር ቁራውን፣ ንስሮቹንና ላፕዊንጓን በትክክል ብንቆጥር ለመነሻ ይበቃል።

ሰውም አለን። የፓርኩ ጠባቂዎች በየቀኑ በዚያ ይዘዋወራሉ። ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚመላለሱ ሾፌሮች አምባውን በንጋት ያቋርጣሉ። በሪራና በዲንሾ ያሉ ትምህርት ቤቶች የተፈጥሮ ክበብ ሊያቋቁሙ ይችላሉ። እረኞች ሐይቁ መቼ እንደ በረደ፣ ዝዩ መቼ እንደ ፈለፈለ ያውቃሉ። መዝገቡ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ይሁን፤ ለወፎቹም ሽማግሌዎች የሚጠሯቸውን ስም ጠይቀን ከሳይንሳዊው ስም ጎን እንጻፍ። «ቱሉ ዲምቱ» ቀዩ ተራራ፣ «ገርባ ጉራቻ» ጥቁሩ ሐይቅ ብለው የሰየሙ ሰዎች ለወፎቹም ስም ሳይሰጡ አልቀሩም፤ ስሙ ከሽማግሌዎቹ ጋር ከመቀበሩ በፊት እንድረስበት።

ተማሪዎቼ፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የዚህ መዝገብ የመጀመሪያ ዓመት ገጾች ምንም አያስደንቁም። የአምስተኛው ዓመት ገጾች ጥያቄ ያስነሣሉ። የሃያኛው ዓመት ገጾች ሕግና ውሳኔ ሊያስለውጡ ይችላሉ። እኔ የሃያኛውን ዓመት ገጽ በዚህ መድረክ ቆሜ አላነብላችሁም፤ በዚያን ጊዜ ጡረታ ከወጣሁ ብዙ ዓመት ይሆናል። ከእናንተ አንዳችሁ ግን ታነብባላችሁ፤ እንድታነብቡ ደግሞ ዘንድሮ መጀመር አለበት።

ለመጀመሪያው ቆጠራ ስማችሁን ማስመዝገብ የምትፈልጉ ከንግግሩ በኋላ በበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ቅጹን ታገኛላችሁ። ቅጹ ላይ የጫማችሁን ዓይነትና ወፍራም ልብስ እንዳላችሁ የሚጠይቅ መስመር አለ፤ የሌለው እንዳይቀርብን ተበዳድረን እናሟላለን። የምንነሣው ሌሊት 10 ሰዓት ነው።

ጥያቄና አስተያየት ካላችሁ ለመስማት ዝግጁ ነኝ።